ቶርኖውን ልሽጠው ወይስ ይዤው ልሂድ? ከመዛወር በፊት ስለ ከባድ ማሽን እንዴት እንደሚወሰን

ወርክሾፕ መቀየር ሲመጣ ካቻቢቴና መዶሻ አያስጨንቅም፤ ካርቶን ውስጥ ይገባል። የሚያስጨንቀው ጥግ ላይ የተተከለው ቶርኖ፣ ብረት እያዞረ የሚልጠው ማሽን ነው። አንድ ቶን የሚመዝን ብረት እንደ ቁምሳጥን አራት ሰው ተሸክሞ አያወጣውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ውሳኔውን ነገ ዛሬ እያለ ይገፋዋል። በመጨረሻ የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ እያለ፣ ጥሩውን ማሽን በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሰጠዋል። ወይ ደግሞ የማይፈልገውን ጭኖ ይሄዳል።

ማሽን ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ቆሞ፣ መብራት ገብቶለት፣ ሲዞር እየታየ ነው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ገዢ የሚያየው ብረት ብቻ ነው፤ ዋጋውንም እንደዚያው ይቆርጣል። ስለዚህ ማሽኑ ገና እየሠራ ሳለ ወስኑ። ከተቻለ ከመዛወራችሁ ሁለት ወር በፊት ጀምሩ።

1. ስንት ጊዜ እንዳስነሳችሁት ቁጠሩ

ያለፉትን 12 ወራት ብቻ አስቡ። «አንድ ቀን እሠራበታለሁ» የሚለው አይቆጠርም። በሳምንት አንዴ የሚነሳ ማሽን ሥራ አለው። ዓመት ሙሉ አቧራ ሲጠጣ የከረመ ግን አዲስ ቦታ ስለሄደ ብቻ ሥራ አያገኝም።

ከአባት ወይም ከአሠሪ የተወረሰ ማሽን ሌላ ነገር ነው። ለትዝታ ብሎ ማስቀረት ምንም ነውር የለበትም። ለትዝታ መሆኑን ግን ለራስ ማመን ያስፈልጋል። አንዳንዴ ሞርሳውን ወይም የመለኪያ ዕቃዎቹን ማስቀረት ልብን ያሳርፋል።

2. አዲሱን ቦታ በሜትር ይዛችሁ እዩት

ብዙው ውሳኔ እዚህ ያልቃል። በመጀመሪያ በሩን ለኩ። ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም ለኩ፤ ማሽኑ በፎርክሊፍት ወይም በፓሌት ላይ ሆኖ ሲገባ ቁመቱ ይጨምራል። መታጠፊያ፣ ደረጃና ቁልቁለት ካለ ጻፉት።

ቀጥሎ ወለሉ ነው። የማሽን ክብደት በእግሮቹ ላይ እኩል አይከፋፈልም። የቶርኖ ክብደት ሞተሩና ማርሹ ወዳሉበት ጫፍ ያደላል። ስለዚህ 1000 ኪሎውን ለአራት አካፍሎ «እያንዳንዱ እግር 250 ኪሎ ነው» ማለት ያሳስታል። የእንጨት ወለል ወይም ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ከሆነ፣ መሐንዲስ ሳያየው ከባድ ማሽን አታስገቡ።

ከዚያ መብራት። የማሽናችሁ ሞተር ስሪ ፌዝ (በሦስት የመብራት መስመር የሚሠራ) ሆኖ አዲሱ ቦታ ያለው ሲንግል ፌዝ (የተለመደው የቤት መብራት) ብቻ ከሆነ፣ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የሞተሩን ታርጋ አንብቡ። 220/380 ቮልት የሚል ከሆነ፣ ኤሌክትሪሺያን የሞተሩን የሽቦ ግንኙነት ለ220 ወደሚሆነው አያያዝ፣ ወደ ዴልታ ቀይሮ 220 በሚያስገባና ስሪ ፌዝ በሚያወጣ ኢንቨርተር ሊያስነሳው ይችላል። ለትንንሽ ሞተሮች ይህ በጣም የተለመደ ነው። 380/660 የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ወጪውም ይጨምራል። አገር የምትቀይሩ ከሆነ ኸርዙንም (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ) እዩ። በ50 ኸርዝ በደቂቃ 1500 ዙር ገደማ የሚዞር ሞተር በ60 ኸርዝ 1800 ገደማ ይዞራል። ለመጋዝና ለሞላ (መሳያ) ድንጋይ ይህ የአደጋ ጉዳይ ነው፤ ዲስኩና ድንጋዩ የሚችሉት ፍጥነት ተወስኗል።

እርጥበትንም አትርሱ። አዲሱ ወርክሾፕ ገና ስላልደረሰ ማሽኑ መጋዘን የሚቆይ ከሆነ፣ ዝገት ቀድሟችሁ ይገባበታል። እኔ አንድ ጊዜ የማሽን ጠረጴዛ በላስቲክ ጥቅልል አድርጌ አስቀምጬ ነበር። ላስቲኩ ላብ ይዞ ቆይቶ፣ ስከፍተው ፊቱ ሁሉ ቀልቶ ጠበቀኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። የተወለወለውን ብረት በደንብ ግራሶ ቀቡት፤ ከላይ አየር የሚያስገባ ጨርቅ አልብሱት።

3. ሒሳቡን ሥሩ

ማሽኑ ዛሬ ቢሸጥ 60 ያወጣል እንበል። እዚያ ሄዳችሁ ተመሳሳዩን ብትገዙ፣ ማጓጓዣውን ጨምሮ 100 ይፈጃል። ልዩነቱ 40 ነው። ነቅሎ፣ ጭኖ፣ አውርዶ፣ ተክሎና መብራት አስገብቶ ለማስነሳት ከ40 በታች ከበቃ፣ ይዞ መሄድ ያዋጣል። ከ40 ከበለጠ ሽጡት።

ሰው የሚሳሳተው የመኪናውን ኪራይ ብቻ ሲቆጥር ነው። ክሬን ወይም ፎርክሊፍት ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል፦ እዚህ ለመጫን፣ እዚያ ለማውረድ። የመጋዘን ኪራይና የኤሌክትሪሺያን ዋጋም አለ።

4. ማሽኑ ራሱ ይመሰክር

የደከመ ማሽን በብዙ ወጪ ተጉዞም ያው የደከመ ነው። ቶርኖ ከሆነ ወፈር ያለ ብረት በአንድ ጫፉ ብቻ አስራችሁ፣ ሁለት ቦታ ላይ በስሱ ላጡትና በማይክሮሜትር ለኩት። ውፍረቱ ከተለያየ ወይ አልጋው (ተንሸራታቹ ክፍል የሚሄድበት ረጅሙ ብረት) ተበልቷል፣ ወይ አቀማመጡ ተጣሟል። አቀማመጥ ይስተካከላል። የተበላ አልጋ ማስተካከል ግን ትልቅ ሥራ ነው። የኩሽኔታውን ድምፅም አዳምጡ። ኩሽኔታና ቺንጋ ስላለቀ ብቻ ግን ጥሩ ማሽን አትጣሉ፤ ይቀየራሉ።

5. ለመሸጥ ከወሰናችሁ

አጽዱት፣ ግን ቀለም አትቀቡት። አዲስ ቀለም የሚያይ ገዢ ምን ተሸፍኖ ይሆን ብሎ ይጠራጠራል። የታርጋውን ፎቶና ማሽኑ ሲቆርጥ የሚያሳይ ቪዲዮ አዘጋጁ። መለዋወጫ ማርሾቹን፣ ቸኮቹን (ብረት መያዣዎቹን) እና ቁልፎቹን ሰብስባችሁ አንድ ላይ አሳዩ። የብሎን ጥርስ ለመቁረጥ የሚቀያየሩት ማርሾቹ የጎደሉበት ቶርኖ ዋጋው በግልጽ ይወርዳል። ማን እንደሚጭን፣ ሲጫን ቢጎዳ ኃላፊው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ። ክፍያው ማሽኑ ከመሬት ሳይነሳ ይጠናቀቅ።

6. ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ

ሽቦ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ እያንዳንዱን ጫፍ ቁጥር ለጥፉበት። ተንሸራታች ክፍሎቹን ሚዛን ወደሚጠብቁበት ጫፍ ወስዳችሁ አጥብቁ። ማንሻ ገመድ በረጅሙ ባለጥርስ ዘንግ ላይ በፍጹም አይዞርም፤ ከጎበጠ ቶርኖው ተበላሸ ማለት ነው። የቆመ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) የላይኛው ክፍሉ ይከብዳል፤ ጠረጴዛውንና የሚወርድ ከሆነም የላይኛውን ክፍል ዝቅ አድርጉ። የኮምፕሬሰሩን አየርና ውኃ አስወጡ።

በብረት ቱቦ ላይ እያንከባለላችሁ ስትገፉ፣ ማሽኑ ሊወድቅ በሚችልበት በኩል ማንም አይቁም። መዘንበል ከጀመረ ለመያዝ አትሞክሩ፣ ሽሹ። ይህን ለረዳቶቻችሁ ሥራው ሳይጀመር ጮክ ብላችሁ ንገሩ። የሚመጡት ወንድምና ጓደኛ ናቸውና።

ማሽኑ አዲሱ ቦታ ላይ ከተተከለ በኋላ አልጋውን በማሽን ውኃ ልክ አስተካክሉ፤ በሜትር 0.02 ሚሊሜትር የሚያነብ ቢሆን ይመረጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ለኩት። እግሮቹ እስከዚያ ትንሽ ሊቀመጡ ይችላሉ።