መዥገሩ አልነክስም ሲል

እረኛው ከላሙ ላይ ነቅሎ የሚጥለውን መዥገር እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ልናራባው ጥንቸል አቅርበን እንለምነዋለን፤ እሱም ይኮራል። የማወራው በብዛት ስለ አምብሊዮማ ቫሪየጌተም ነው። ያው እግሩ ነጭ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ የወንዱ ጀርባ ብርቱካናማ የሆነው ትልቁ የከብት መዥገር።

ሴቶቹ ይዞራሉ እንጂ አይነክሱም

እኔም መጀመሪያ ጉድ የሆንኩት በዚህ ነው። ወንድና ሴቱን እኩል ጥንቸሏ ጆሮ ላይ ባጠለቅኩት የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ለቀቅኳቸው። በማግስቱ ብከፍተው ሴቶቹ በሙሉ ስፌቱ ላይ ተኮልኩለዋል፣ ጆሮውን የያዙት ወንዶቹ ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ታመዋል ብዬ ልጥላቸው ነበር። ለካ ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነው። የዚህ ዝርያ ወንድ ለጥቂት ቀናት ደም ከጠባ በኋላ ሽታ ያወጣል፣ ሴቷም ያን ሽታ ተከትላ መጥታ አጠገቡ ትነክሳለች። ስለዚህ ወንዶቹን አስቀድሙ፣ ከ5 እስከ 6 ቀን ይጥቡ፣ ከዚያ ሴቶቹን ጨምሩ። ቅርፊቷን ገና የጣለች መዥገርም አትነክስም፤ ሰውነቷ እስኪጠነክር አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቋት።

ነክሳለች፣ ግን አታድግም

ጊዜ ስጧት። ለቀናት ቀስ እያለች ትጠባና እንደ ፊኛ የምትነፋው መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ነው። ሁለት ሳምንት ልትቆይ ትችላለች። እየነካካችሁ አትጎትቷት፣ አፏ ቆዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ከዚያም ካለፈ ከረጢቱ ውስጥ ወንድ መኖሩን እዩ፤ ከወንድ ጋር ያልተገናኘች ሴት ጠግባ አትወርድም።

እጮቹ ይነክሳሉ፣ ግን ይሞታሉ ወይ ሳይጠግቡ ይወድቃሉ

መጀመሪያ የጥንቸሏን ታሪክ ጠይቁ። ለጆሮ እከክ አይቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ተወግታ ከሆነ አለቀ፣ መዥገሩን እየመረዛችሁት ነው። ሻጩ "ምንም አልተወጋችም" ቢላችሁም ለተወሰኑ ሳምንታት አቆይታችሁ ጀምሩ። መድኃኒት ከሌለበት ደግሞ እንስሳዋ ለምዳ ይሆናል። ተመራማሪው ዊልያም ትሬገር በ1939 ጊኒ ፒጎች ላይ እንዳሳየው፣ አንዴ የተነከሰ እንስሳ በቀጣዩ ዙር መዥገሩን የሚከላከል አቅም ያዳብራል። ጥንቸልም እንደዚያው ናት። ለቁጠባ ብሎ አንዷን ጥንቸል ደጋግሞ መጠቀም የሚያዋጣ ይመስላል፣ ግን በየዙሩ ጠግበው የሚወርዱት እያነሱ ይሄዳሉ። ለአዲስ ዙር አዲስ ጥንቸል፣ በቃ።

እንቁላሉ ይሰረጉዳል፣ አይፈለፈልም

ደርቋል። ደህና እንቁላል ቡናማና የሚያብረቀርቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጨዉ ላይ ነው። ዴሲኬተሩ (እንቁላሉ የሚቀመጥበት፣ አየር የማያስገባው ክዳናማ ዕቃ) ታች የወጥ ቤት ጨው እስኪጠግብ የሟሟበት ውሃ ብታስቀምጡ እርጥበቱ 75 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል፣ ያ ደግሞ ለእንቁላልና ለእጭ አይበቃም። ፖታሲየም ክሎራይድ 84 አካባቢ፣ ፖታሲየም ናይትሬት 93 አካባቢ ያደርሳል። ጨዉ ከታች ሳይሟሟ የተረፈ መታየት አለበት፤ ካልታየ ጨምሩበት። የዚህ ዘዴ ደስ የሚለው ነገር መብራት ቢጠፋም መሥራቱ ነው። ሙቀት የሚጠብቀው ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ ቢቀዘቅዝ መዥገሩ ይዘገያል እንጂ ወዲያው አይሞትም።

በተቃራኒው ሻጋታ ካያችሁ እርጥበቱን ለመቀነስ አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቆሻሻ ነው። ጠግባ የወደቀችውን በለስላሳ ብሩሽ ከኩሷ አጽዱ፣ ማጣሪያ ወረቀቱን ቀይሩ፣ የሞተውን ቶሎ አውጡ።

ሰማያዊው መዥገር ጥንቸል ላይ አልረባ አለ

ሪፒሴፋለስ ዴኮሎራተስን ማለቴ ነው። እሱ ከእጭነት እስከ መጥገብ አንድ ከብት ላይ ሦስት ሳምንት ገደማ የሚኖር ነው። ጥንቸል ላይ አትልፉ፤ ጥጃ ያስፈልጋችኋል። የሚያስፈልጋችሁ ለመድኃኒት መፈተሻ የሚሆን እጭ ብቻ ከሆነ ግን ከመስክ የጠገቡ ሴቶች ሰብስባችሁ እንቁላል ማስጣል ይበቃል።

ቆጠራው ጎደለ

ይሄ ቀልድ የለውም። ጥንቸሏ በእግሯ ከረጢቱን ቧጥጣ ቀዳዋለች ማለት ነው፣ ስለዚህ አንገቷ ላይ ሰፊ አንገትጌ አድርጉላት፣ የከረጢቱንም አፍ ጆሮዋ ሥር በፕላስተር ዙሩት፣ ደም እስኪያግድ ግን አታጥብቁ። ጎጆዋን ጥልቀት የሌለው ውሃ ያለበት ትሪ ላይ አቁሙት። ነጭ ጋውን ልበሱ፣ ሱሪያችሁን ካልሲያችሁ ውስጥ ክተቱ። የጎደለው እስኪገኝ ከክፍሉ ማንም አይውጣ።