ኤዲተራችሁ ጠባዩን ሲቀይር ማን እንዳዘዘው ጠይቁት

ባለፈው ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ገና ሳይለቅ ጋቢዬን ደርቤ ላፕቶፔን ከፈትኩ። አንድ የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ፋይል ላይ አንዲት መስመር አርሜ ሴቭ አደረግሁ። ለውጡን ጊት (የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ላይ ሳየው ግን ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ቀይና አረንጓዴ ሆኗል። ነጠላ ጥቅሶቹ በሙሉ ድርብ ሆነዋል፤ ረጃጅሞቹ መስመሮች ተሰባብረዋል። ማታ ስዘጋው ቪኤስ ኮድ፣ ኮድ የምጽፍበት ኤዲተር፣ እንዲህ አያደርግም ነበር፤ እኔም ሴቲንግ አልነካሁም።

ያኔ ያደረግሁት ሴቲንግ ከፍቶ «ፎርማት» (የኮዱን አጻጻፍ በራሱ ማስተካከል) የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ማጥፋት ነው። ምንም አልተለወጠም። ጭራሽ የነካካሁትን ስላልጻፍኩት አንድ የነበረው ችግር ሦስት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማን እንዳዘዘው ሳላውቅ ምንም አልነካም። ኤዲተር ጠባዩን የሚቀይረው አንድ የሴቲንግ ፋይል፣ አንድ ኤክስቴንሽን (ኤዲተሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ)፣ አዲስ ቨርዥን ወይም ኪቦርዱ ሲያዘው ነው። የእኛ ሥራ አዛዡን ማግኘት ነው።

አብዛኛው ነገር የሚገኘው ሴቲንግ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ትእዛዝ በደረጃ ነው የሚሄደው። ከሥር ፕሮግራሙ ይዞት የሚመጣው ነባሪ አለ። በላዩ የራሳችሁ የተጠቃሚ ሴቲንግ ይመጣል። ከሱ በላይ ደግሞ የፕሮጀክቱ ሴቲንግ አለ፤ እሱ የሚቀመጠው ፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው የቪኤስ ኮድ ፎልደር ሥር ነው። የላይኛው የታችኛውን ይሽራል። ብዙ ሰው የሚያመልጠው የሚከተለው ነው፦ ለአንድ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ትእዛዝ፣ ለምሳሌ ለፓይተን ብቻ፣ በጥቅሉ ለሁሉም ከተጻፈው ይበልጣል። ጥቅሉ በፕሮጀክቱ ውስጥ፣ የቋንቋው በተጠቃሚ ሴቲንግ ውስጥ ቢሆን እንኳ የሚጸናው የቋንቋው ነው።

የእኔም ጉዳይ ይኸው ነበር። አዲስ አበባ ያለ ባልደረባዬ ማታ «ፓይተን ፋይል ሴቭ ሲደረግ ፎርማት ይደረግ» የሚል መስመር የፕሮጀክቱ ሴቲንግ ላይ ጨምሮ ኮሚት አድርጓል (ጊት ላይ መዝግቧል)። ጠዋት ፑል ሳደርግ (የሱን ለውጥ ሳወርድ) አብሮ ወረደ። እኔ ሳጠፋ የቆየሁት የራሴን ጥቅል ሴቲንግ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለት በኩል ተበልጧል።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ተጭናችሁ ኮማንድ ፓሌቱን (ትእዛዝ በስሙ የሚፈለግበትን ሳጥን) ክፈቱ፤ «ኦፕን ወርክስፔስ ሴቲንግስ (ጄሰን)» የሚለውን ፈልጋችሁ የፕሮጀክቱን የሴቲንግ ፋይል በዓይናችሁ አንብቡት። የሴቲንግ ገጹ መፈለጊያ ላይ የአት ምልክት አስቀድማችሁ «ሞዲፋይድ» ብትጽፉ ከነባሪው የተለየው ብቻ ተለቅሞ ይወጣል። የተጠቃሚውንና የፕሮጀክቱን ታብ እያፈራረቃችሁ እዩ። ፋይሉ ጊት ውስጥ ከገባ ታሪኩን አውጡ፤ ማን፣ መቼ እንደጻፈው ይነግራችኋል። እኔ ስሙን ካየሁ በኋላ ደወልኩለትና ተነጋገርን። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ የጎደለው ነገር ፕሮጀክቱን በሙሉ አስቀድሞ በአንድ ኮሚት ፎርማት ማድረግ ነው። እሱን ስናደርግ የእኔ አንዲት መስመር እንደገና አንዲት መስመር ሆነች።

ሌላው በየጊዜው የምጠየቀው የታብ ቁልፍ፣ ማለትም መስመር በስንት ስፔስ ወደ ውስጥ ይገባል የሚለው ነገር ነው። ከመሐል ሜዳ መጥቶ እዚህ የሚማር ጎረቤቴ አንድ ቀን ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ሁለት ስፔስ ብዬ ሞልቼ አራት ይሰጠኛል፤ አጥፍቼ ልጫነው እንዴ?» አለኝ። እንዳይጭነው ነገርኩትና ጠቋሚውን ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ጥግ እንዲወስድ አደረግሁ። እዚያ «ስፔስስ 4» ይላል። ቪኤስ ኮድ ፋይል ሲከፍት ይዘቱን አይቶ በስንት ስፔስ እንደተጻፈ ይገምታል። «ዲቴክት ኢንደንቴሽን» የሚባለው ይህ ሴቲንግ በነባሪነት የበራ ነው፤ ግምቱም እናንተ ከሞላችሁት ቁጥር ይቀድማል። ልጁ የከፈተው ሌላ ሰው በአራት ስፔስ የጻፈውን ፋይል ነበር። አዲስ ባዶ ፋይል ሲከፍት ሁለቱ መጣለት፤ ፊቱ ሲፈካ አየሁ። ግምቱን ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። የሰው ፋይል ውስጥ ሁለትና አራት ተደባልቆ ከሚቀር ፋይሉ በተጻፈበት መቀጠል ይሻላል። ፋይሉ የራሳችሁ ከሆነ ያችኑ ጽሑፍ ተጭናችሁ መቀየር ትችላላችሁ።

በዚያው «ኤዲተርኮንፊግ» የሚባል፣ እንዲህ ያለውን የአጻጻፍ ሕግ የሚይዝ፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል መኖሩንም ተመልከቱ። ይህ ፋይል የሚፈለገው ፕሮጀክቱ ውስጥ ብቻ አይደለም። «ሥሩ እኔ ነኝ» የሚል ፋይል እስኪገኝ ድረስ ወደ ላይ፣ ከፎልደር ወደ ፎልደር እየወጣ ይፈለጋል። ድሮ ሆም ፎልደር ላይ የተረሳ አንድ ፋይል ዛሬ የጀመራችሁትን ፕሮጀክት ሊያዝ ይችላል። ቪኤስ ኮድ እሱን የሚያነበው ኤክስቴንሽኑ ሲጫን ነው፤ ስለዚህ ያ ኤክስቴንሽን ከሌላችሁ ይህን እለፉት።

ሴቲንጉ ንጹህ ሆኖ ካገኛችሁት ወደ ኤክስቴንሽን እለፉ። ቤት ውስጥ ብሬከር በየደቂቃው ሲወርድ ምን ታደርጋላችሁ? ሁሉንም ትነቅላላችሁ፣ ግማሹን ትሰካላችሁ፣ ካልወረደ ምጣዱ ወይም ማሞቂያው በቀረው ግማሽ ውስጥ ነው ትላላችሁ። ቪኤስ ኮድ ይህን ራሱ ይሠራላችኋል። ኮማንድ ፓሌት ላይ «ስታርት ኤክስቴንሽን ባይሴክት» በሉት። ኤክስቴንሽኖቹን አጥፍቶ ይነሣና «አሁን ደህና ነው ወይስ ችግሩ አለ?» ይላችኋል። መልሳችሁን እያየ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል። 32 ኤክስቴንሽን ቢኖራችሁ ከአምስት ስድስት ጥያቄ በኋላ አንዱ ላይ ይደርሳል። በየጥያቄው ችግሩን በትክክል ፈትኑ፤ ያንኑ ፋይል፣ ያንኑ እርምጃ። አንዴ በግምት ከመለሳችሁ ጥፋት የሌለበትን ይዞባችሁ ይመጣል። አንድም ኤክስቴንሽን ካልተገኘ ችግሩ የኤዲተሩ የራሱ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል።

በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለምንጽፍ ሰዎች ኪቦርዱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኔ ቋንቋ የምቀይረው በኮንትሮልና ስፔስ እንዲሆን አድርጌ ነበር። ቪኤስ ኮድ ደግሞ ያንኑ ቁልፍ የኮድ ጥቆማ ለማውጣት ይጠቀምበታል። ጥቆማው ሲጠፋ ስንት ቀን የፓይተን ኤክስቴንሽኑን ስጠረጥር ከረምኩ። ኮማንድ ፓሌት ላይ «ቶግል ኪቦርድ ሾርትካትስ ትራብልሹቲንግ» የሚል አለ፤ ካበራችሁት በኋላ የተጫናችሁት ቁልፍ ሁሉ ምን ትእዛዝ እንዳስነሣ ከታች ይጻፋል። እኔ ኮንትሮልና ስፔስ ስጫን ምንም አልተጻፈም። ይህ ማለት ቁልፉ ኤዲተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ሲስተሙ ወስዶታል ማለት ነው። የቋንቋ መቀየሪያውን ወደ ሌላ ቁልፍ ሳዛውረው ጥቆማው ተመለሰ። ፓይተን ደግሞ አላውቀውም ያለውን ምልክት ዩ ፕላስ 1361 ብሎ ካሳያችሁ የጻፋችሁት ኮለን ሳይሆን የእኛ ሁለት ነጥብ ነው፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቷል።

ሰርቨር ላይ ቪም (በተርሚናል የሚሠራ ኤዲተር) ለምትጠቀሙ፣ ከሁሉም ኤዲተር በግልጽ የሚመልስ እሱ ነው። ኮለን፣ ቀጥሎ «ቨርቦስ ሴት»፣ ቀጥሎ የሴቲንጉን ስም ጻፉና በጥያቄ ምልክት ዝጉት። ምን ተብሎ እንደተሞላ ብቻ ሳይሆን መጨረሻ የሞላውን ፋይል ስም ይነግራችኋል። ሰርቨር ወደ አዲስ ሲስተም አዛውሬ በማውስ መርጦ ኮፒ ማድረግ እምቢ ሲለኝ ስለ «ማውስ» ጠየቅሁት፤ ከቪም ጋር የሚመጣውን «ዲፎልትስ» የሚባል ፋይል ጠራልኝ። በ2016 የወጣው ቪም 8 ተጠቃሚው የራሱ ቪምአርሲ (የቪም የሴቲንግ ፋይል) ከሌለው ያንን ፋይል ይጭናል፤ ማውሱን የያዘውም እሱ ነው። የራሴን ቪምአርሲ ፈጠርኩ፣ ፋይሉ መጫኑን ተወ። ለአንድ ጊዜ ከሆነ ሺፍት ይዞ መምረጥ በብዙ ተርሚናል ይሠራል።

አፕዴትን በተመለከተ፣ ቪኤስ ኮድን «ማኑዋል» ላይ አድርጌዋለሁ፤ ለዳታው ብቻ ሳይሆን ጠባዩ የተቀየረበትን ቀን ለማወቅ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሳይኖር አዘምናለሁ፣ ሄልፕ ሜኑ ውስጥ ያለውን ሪሊዝ ኖት አነባለሁ፣ ቀኑን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ኤክስቴንሽን አዲስ ቨርዥኑ ካበላሸባችሁ አታጥፉት፤ ገጹ ላይ ያለውን የጥርሳም ጎማ ምልክት ተጭናችሁ የቀድሞውን ቨርዥን መርጣችሁ ጫኑ፣ የዚያን ኤክስቴንሽን አውቶ አፕዴትም ዝጉት። እኔ አሁን በዚህ መንገድ ወደ ኋላ መልሼ ያቆየሁት አንድ አለ፤ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ አዲሱን እሞክረዋለሁ።