የሌሊት ተረኛ የሆስፒታል ሠራተኛ ስኳሩንና ክብደቱን እንዴት ይጠብቅ?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የሕሙማን ጥሪ ጋብ ሲል፣ በነርሶች ጠረጴዛ ላይ ብስኩትና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል። ያው ብስኩት ረፋድ ላይ ቢበላ ሰውነት ብዙም ሳይቸገር ያስተናግደዋል፤ በዚያ ሰዓት ሲበላ ግን የደም ስኳርን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል፤ የወጣውም ስኳር ቶሎ አይወርድም። ሌሊት ሜላቶኒን የተባለው የእንቅልፍ ሆርሞን በደም ውስጥ ሲበዛ ቆሽት የሚያመነጨው፣ የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ጉበትና ጡንቻም የየራሳቸው ውስጣዊ ሰዓት ስላላቸው በዚያን ጊዜ ምግብ አይጠብቁም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ከ170 ሺህ በላይ የአሜሪካ ሴት ነርሶችን በተከታተለ ጥናት፣ ተለዋዋጭ የሌሊት ፈረቃን ለ20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠሩት፣ ጨርሶ ካልሠሩት ይልቅ በዓይነት 2 የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሰውነት ክብደት በስሌቱ ሲካተት ልዩነቱ ወደ 24 በመቶ ወርዷል፤ ይህም ከጉዳቱ ብዙው በክብደት በኩል እንደሚመጣ፣ የቀረው ግን በውፍረት ብቻ እንደማይገለጽ ያመለክታል።

ስለዚህ በእኔ እምነት መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የምግብ ሰዓት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ አነስተኛ የቤተ ሙከራ ጥናት 19 ጤናማ ሰዎችን የሌሊት ሥራ በሚመስል ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ ሌሊት የበሉት የደም ስኳራቸው በአማካይ 6.4 በመቶ ሲጨምር፣ ቀን ብቻ የበሉት ግን ጉልህ ጭማሪ አላሳዩም። በተግባር ሲታይ፣ ዋናውን ምግብ ተረኝነት ከመግባትዎ በፊት በልተው ይጨርሱ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት በተቻለ መጠን ውኃ ብቻ ይጠጡ፤ ረሃቡ ካልቻልዎት የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጣፋጭ ያልተጨመረበት እርጎ ከቤት ይያዙ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን፣ ምግብ መዝለል ስኳርዎን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርደው ስለሚችል፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ ይህን አይሞክሩ።

ቡና በተረኝነቱ የመጀመሪያ ግማሽ ይበቃል። የካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ንጋት ላይ የተጠጣ ስኒ የጠዋቱን እንቅልፍ ይሻማል። እንቅልፍ ሲያንስ ደግሞ የረሃብ ስሜት ይበረታል፤ ኢንሱሊንም በሚገባ አይሠራም። ጠዋት ቤት ሲደርሱ ቀለል ያለ ቁርስ ይብሉ፤ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ አጨልመው፣ ስልኩን አጥፍተው ይተኙ፤ የ7 ሰዓት እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ካልሞላ ቀሪውን ከሰዓት በኋላ ይጨምሩበት።

በምርመራ በኩል፣ የወገብን ልክ፣ የደም ግፊትን፣ የጾም ስኳርን፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ስብና ጠቃሚውን ኮሌስትሮል በየዓመቱ ማየት ተገቢ ነው፤ ከአምስቱ ሦስቱ ከተዛቡ ሜታቦሊክ ሲንድሮም (ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያጋልጡ ችግሮች ጥምረት) ይባላል። አንድ ስሕተት ግን ደጋግሞ ያጋጥማል፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የበላ ተረኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ «ቁርስ አልቀመስኩም» ብሎ ለጾም ስኳር ደም ይሰጣል። ምርመራው ቢያንስ 8 ሰዓት ያለ ምግብ መቆየትን ስለሚጠይቅ ያ ውጤት የጾም ስኳር አይደለም። ከዕረፍት ቀን በኋላ ባለው ጠዋት ይመርመሩ፤ ካልሆነም ጾም የማይፈልገውንና የ3 ወር ገደማ የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየውን የሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ምርመራ ይጠይቁ፤ በመጠየቂያ ወረቀቱም ላይ የሌሊት ተረኛ መሆንዎንና መጨረሻ የበሉበትን ሰዓት ያስጽፉ።