ፊትን የሚያነድደው የትኛው ምግብ ነው? ሮዜሺያ ላለበት ሰው

ሮዜሺያ፣ ማለትም ፊትን የሚያቀላና የሚያነድድ የቆዳ ሕመም፣ ያለበት ሰው ከዘመድም ከጎረቤትም የሚሰማው ምክር «በርበሬ ተው» የሚል ነው። እኔ ጎንደር፣ አዘዞ የምኖር፣ ጉንጬና አፍንጫዬ ለዓመታት ሲነድዱ የኖሩ ሰው ነኝ። በርበሬውን ከመተውዎ በፊት እሱ መሆኑን እንዲያረጋግጡ እለምንዎታለሁ። በእኛ አገር ምግብ ብቻውን አይመጣም፤ ቡና ከከሰሉና ከዕጣኑ ጋር፣ ጠላ ከሠርግ ዳስና ከእስክስታ ጋር፣ ወጥ ከማዕድ ቤቱ ወላፈን ጋር ይመጣል። ሥራው ምግቡን ከአጃቢዎቹ መለየት ነው።

አስቀድመው ሐኪም ይይዎት። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ ሕመሙ ብጉር ወይም አለርጂ ተብሎ ይታለፋል፤ ሉፐስ የተባለው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሕመምም ጉንጭ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ሊያወጣ ይችላል። ፊት ለማንጣት የሚሸጥ ቅባት የሚቀቡ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ራሱ ሮዜሺያን የመሰለ ሕመም ያመጣል፤ በድንገት ሲቆምም ሕመሙ ይብሳል። ቅባቱ ፊት ላይ እያለ የሚደረግ የምግብ ሙከራ እውነቱን አይናገርም።

ከዚያ ደብተር ይያዙ። የበሉትን ብቻ ሳይሆን ትኩስ ወይም ለብ ያለ መሆኑን፣ የት እንደተቀመጡ፣ ፀሐይ መትቶዎት እንደሆነ፣ ተናድደው እንደሆነም ይጻፉ። ዓይን ያላየውን መቅላት እጅ ያውቀዋል፤ የእጅዎን ጀርባ በጉንጭዎ ላይ፣ ቀጥሎም በአንገትዎ ላይ አድርገው ሙቀቱን ያነጻጽሩ። ትኩስ መጠጥ፣ በርበሬና አልኮል ፊትን የሚያነድዱት ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ብጉር መሰሉ እብጠት ግን ሊዘገይ ስለሚችል ማታም ጠዋትም ይመዝግቡ።

ቡናን የፈተንኩት በተለያዩ ቀናት ነው። አንድ ቀን ሳልጠጣ ረከቦቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሌላ ቀን አቦሉ ከከሰሉ ርቆ ወዳለ ክፍል መጣልኝና በትኩሱ ጠጣሁት። በሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ ቡና አቀዝቅዤ ጠጣሁ። ፊቴን ያነደደው የከሰሉና የስኒው ሙቀት ነበር፤ የቀዘቀዘው ቡና ምንም አላደረገኝም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ80,000 በላይ አሜሪካውያን ነርሶችን የተከታተለ ጥናትም ካፌይን ያለው ቡና አብዝተው በሚጠጡት ላይ ሮዜሺያ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ቡናን ሳይፈትኑ ከቤትዎ አያስወጡ።

ለበርበሬ አንድ ዓይነት ክክ ግማሹን በቀይ፣ ግማሹን በአልጫ ይሥሩና በተለያየ ቀን ለብ ሲል ይብሉ። በርበሬ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሙቀትን የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ ስለሚቀሰቅስ፣ የሚፋጅ ቀይ ወጥ በሁለት በኩል ይመታል። ወጡን በማብረድ ብቻ የሚቀልለው ሰው ሊኖር ይችላል። ሚጥሚጣን ለብቻው ይፈትኑ። ቲማቲምንም እንዲሁ፤ ስልሱ ውስጥ ከበርበሬው ጋር ሆኖ ሳይጠረጠር ያልፋል። ሻይ ውስጥ ያለውን ቀረፋም አይርሱ።

የተጠረጠረውን አንድ ምግብ ብቻ ለሁለት ሳምንት ያህል ይተዉ፣ ከዚያ ይመልሱት፤ ውጤቱ ሲደጋገም ብቻ ይመኑት። ጾምን እንደ ሙከራ የሚወስዱ ካሉ ወቅቱን ልብ ይበሉ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ጎንደር በክረምት ደመና ተሸፍና ሳለ ነው፤ ፊትዎ ቢረጋ ወተቱን በመተውዎ ይሁን በደመናው አያውቁም። ዐቢይ ጾም ደግሞ ፀሐዩ በሚበረታበት በጋ ይውላል። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። በአሜሪካ 1,066 የሮዜሺያ ሕሙማን ሕመማቸውን ምን እንደሚቀሰቅሰው ሲጠየቁ 81 በመቶው ፀሐይን፣ 52 በመቶው አልኮልን፣ 45 በመቶው ቅመም የበዛበትን ምግብ ጠቅሰዋል። ስለዚህ በሙከራው ወቅት ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ አይለይዎት።

ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ከዳሱ ውጭ፣ ቤት ተቀምጠው ይፈተኑ፤ የማይጠጣ ሰው ግን ለሙከራ ብሎ አይጀምር። ግብዣ ሲጠሩ ቀድመው «አልጫም አስቀምጡልኝ» ማለት ጉርሻ ከቀረበ በኋላ ከመግደርደር ይሻላል።

ዓይንዎ አሸዋ የገባበት ያህል ቢቆረቁርዎት፣ ቢቀላ ወይም ብርሃን ቢያስቸግረው ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ለዚህ የምግብ ሙከራው እስኪያልቅ አይጠብቁ።