ሰው ሠራሽ መም ላይ ፈረስ ስትመርጡ

የባሕር ዳር ልጆች፣ ምሽት ቤቲንግ ቤት ቁጭ ብላችሁ ፈረስ ለምትቆርጡ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ያለው እውነተኛ ውድድር መሆኑን አረጋግጡ። ቨርቹዋል ከሆነ ውጤቱን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ተንትናችሁ አትድከሙ።

የእንግሊዝ እውነተኛ ውድድር ከሆነ ግን መሙን እዩ። ኬምፕተንና ሊንግፊልድ የሚባሉት የውድድር ሜዳዎች መማቸው ፖሊትራክ የተባለ ሰው ሠራሽ ንጣፍ ነው፤ የዎልቨርሃምፕተንና የኒውካስል ደግሞ ታፔታ የተባለ። ሁለቱም ንጣፎች በሰም የተለበጠ አሸዋና ፋይበር ስለሆኑ ዝናብ እንደ ሣሩ አያጨቀያቸውም። ስለዚህ ፈረሱ ሣር ላይ ያለው ዝና ብዙ አያታልላችሁ። እዚያው መም ላይ፣ በዚያው ርቀት ስንተኛ እንደወጣ ፈልጉ። ሳውዝዌል የሚባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፋይበርሳንድ ከሚባለው ሌላ ንጣፍ ወደ ታፔታ ስለተቀየረ የድሮ ውጤቱን እርሱት።

ቀጥሎ የመነሻ በሩን ቁጥር ተመልከቱ። ዎልቨርሃምፕተን ኩርባው ጠባብ ነው፤ ከዳር በር የተነሳ ፈረስ ውስጥ መግባት ካልቻለ ረጅሙን መንገድ ይዞራል። ለኔ ከፈረሰኛው ስም ይልቅ ይሄ ይበልጣል። ኒውካስል ግን እስከ 1,600 ሜትር ገደማ በቀጥታ መስመር ስለሚሮጥ የኩርባው ስሌት እዚያ አይሠራም።

ሁለት ፈረስ እኩል ከመሰላችሁ ያንን ውድድር እለፉት። ነገም ሌላ አለ።