ለእጅ የሚመች ትንሽ ታብሌት እንዴት እንደሚመረጥ

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በየቀኑ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ታብሌት የፈለግኩት መንገድ ላይ ለማንበብ ነበር። ሱቅ ገብቼ የጠየቅኩት ግን ስለ ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። ያገለገለ፣ 12.9 ኢንች፣ በጣም ፈጣን ታብሌት ገዛሁ። ከነካቨሩ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። አንድ ቀን የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ በአንድ እጄ የፊቱን ወንበር ስይዝ፣ ታብሌቱ ከሌላው እጄ አምልጦ ወደቀ። ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ያን ሁሉ ፍጥነት አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም። እናንተ እንዲህ እንዳትከስሩ የምመክረው ይኸውና።

1. ምን እንደምትሠሩበት ጻፉ። ፒዲኤፍ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ከሆነ መካከለኛ ፕሮሰሰር ይበቃል። ቪዲዮ ለምታቀናብሩ ወይም ከባድ ጌም ለምትጫወቱ ግን ይህ ምክር አይሆንም።

2. ክብደቱን ቤታችሁ ሞክሩ። ዋናው ነገር ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ሲይዙት ሁሉም ቀላል ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር ግዙና ከትልቅ ደብተር ጀርባ ላይ በፕላስተር አጣብቁት። 11 ኢንቹ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ 480 ግራም ስለሆነ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በአንድ እጅ ይዛችሁ 15 ደቂቃ ቁጭ በሉ። ከዚያ ከስኳሩ ሲሶውን ቀንሱና በ21 በ12.5 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ሞክሩ። ይህኛው 8.7 ኢንቹን ጋላክሲ ታብ ኤ9 ይመስላል።

ልዩነቱ የክብደት ብቻ አይደለም። ጠባቡን መዳፋችሁ ከሥር ይደግፈዋል፣ አውራ ጣትና ሌሎቹ ጣቶች ግራና ቀኙን ይይዙታል። ሰፊውን የምትይዙት በአንድ ጠርዙ ብቻ ነው። ወዲያኛው ጫፍ ወደ ታች ስለሚጎትት ጫናው የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። እኔን ለወራት ያመመኝ እዚያው ላይ ነበር። ተኝታችሁ የምታነቡ ከሆነም ተኝታችሁ ሞክሩት።

3. ፊደሉን ፈትኑ። የእኛ ፊደል በትንሽ ቅጥያ ነው የሚለያየው፤ «ሉ» እና «ሊ»ን፣ «ቡ» እና «ቢ»ን እዩ። የኤ4 ገጽ ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። የትንሹ ታብሌት ስክሪን ደግሞ ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ታብሌቱን አግድም ስታዞሩት ግን ወደ ትክክለኛ መጠኑ ይጠጋል፤ ገጹን ወደ ታች እየገፉ ማንበብ ነው። እኔ ለምጄዋለሁ። አይፓድ ሚኒ በጣም የጠራ ስክሪን አለው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ሱቅ ስትሄዱ ካሏችሁ ፒዲኤፎች ሁሉ የደበዘዘውን፣ በስካነር የተነሳውን ይዛችሁ ሂዱ። በሻጩ ማሳያ ቪዲዮ አትወስኑ፤ እሱ ሁሉም ላይ ያምራል። ለማንበብ ጊዜ የማይሰጣችሁ ሻጭ ከሆነ ሌላ ሱቅ ግቡ።

4. ራሙ (አፖች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ከ4 ጊጋ አይነስ። ፋይል ለማስቀመጫው ደግሞ ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ከሆነ 64 ጊጋ ይበቃል።

5. መብራት ሲሄድ ትንሹ ይሻላል። የታብ ኤ9 ባትሪ 5,100 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) ስለሆነ ጥሩ 10,000 ፓወር ባንክ አንዴ ይሞላዋል። ለትልቁ ግን አይበቃም።

6. ካቨሩን በመጨረሻ ግዙ፣ ስስ ሲሊኮን ይሁን። መቆሚያ ያለው፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈው ካቨር ያምራል፤ ግን ክብደቱን መልሶ ይጨምረዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ታብሌቱን ከነካቨሩ በአንድ እጅ ያዙት።