እብጠቱን ከማስወጣታችሁ በፊት

ጭን፣ ክንድ ወይ ጀርባ ላይ እብጠት ወጣ እንበል። አያምም። ሰፈሩ ሁሉ «ስብ ነው» ይላል፣ እውነትም አብዛኛውን ጊዜ ስብ ነው። ግን ሳርኮማ የሚባለው ካንሰርም መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ለኩት። 5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ማለትም የዶሮ እንቁላል ካከለ፣ እያደገ ከመጣ፣ ጠልቆ ጡንቻ ውስጥ ከገባ፣ ወይም አንዴ ወጥቶ ተመልሶ ከበቀለ፣ ወጌሻ ጋ ማሳሸቱን ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

አንዳንዱ ሳርኮማ ደግሞ እብጠት እንኳ አይመስልም። ጣት ላይ ለወራት አልድን ያለ ቁስል ሊሆን ይችላል። የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ስኳሩ እየወረደ ሲያልበውና ሲያዞረው፣ ደረት ወይ ሆድ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ (በጣም ብርቅ ነው፣ ግን አለ)። እኛ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ብዙ ነውና፣ ለዓመታት ባበጠ እግር ላይ የበለዘ የሚመስል ሐምራዊ ነገር ወጥቶ አልጠፋ ካለ «ተመትቶ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ሆስፒታል ስትደርሱ ቅደም ተከተሉ ላይ ድርቅ በሉ። መጀመሪያ ምስል፣ ከተገኘ ኤምአርአይ። ቀጥሎ በወፍራም መርፌ ናሙና። ቢላዋው ከዚያ በኋላ ነው። «ትንሽ ነገር ናት፣ አሁኑኑ እናውጣት» ካሏችሁ «ናሙናው ይቅደም» በሉ፤ በጭፍን ከተቀደደ የካንሰሩ ሴሎች በቁስሉ ውስጥ ይበተናሉ፣ ቀጣዩ ሐኪምም ያን ሁሉ ሥጋ አብሮ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። በቀጭን መርፌ የሚሳበው ዓይነቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ካንሰር ከሆነ ደረት በሲቲ ስካን ይታይ፣ ሳርኮማ ሲዛመት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሳንባ ነው።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ ዕጢው በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ይወጣል። ትልቅና ጥልቅ ከሆነ ጨረር ይጨመራል፣ ለዚያ ጥቁር አንበሳ ድረስ መሄድ ሊመጣ ይችላል። «እግሬን ይቆርጡኛል» ብሎ ቤቱ የሚቀር አለ፤ ቶሎ ከተመጣ ግን የብዙው ሰው እግር ይተርፋል። ጠበሉን ከሕክምናው ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከሞጣ ስትነሱ ሪፈሩን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ አስጽፉ፣ አለዚያ የጤና መድኑ ላይሸፍን ይችላል። የፓቶሎጂ (የናሙናው ምርመራ) ውጤቱንና ፊልሙን ያዙ፣ የናሙናውን ብሎክም (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን) ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ያለው ፓቶሎጂስት ራሱ ዳግም ሊያየው ይፈልግ ይሆናል።